የእጅ ቴሌስኮፕ ታሪክና ለትምህርት ያለው ፋይዳ
(ከዲላና ከጌዴኦ አካባቢ ሁኔታ ጋር ተገናዝቦ የቀረበ)

መግቢያ

የሳይንስ መሣሪያዎች ታሪክ በትምህርት ቤት የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በሁለት መስመር ነው። መሣሪያውን የሠራው ሰው ስምና የተሠራበት ዓመት ይጠቀስና ተማሪው እነዚህን በቃሉ ይይዛል፤ ለፈተናም ይመልሳቸዋል። መሣሪያው በምን ችግር ምክንያት እንደ ተፈለገ፣ በየደረጃው ምን ጉድለት እንደ ነበረበትና ጉድለቱ በምን ዘዴ እንደ ተወገደ ሳይነገር ይታለፋል። ይህ ዓይነቱ አቀራረብ ታሪኩንም ሳይንሱንም ይጎዳል። ታሪኩ የስም ዝርዝር ይሆናል፤ ሳይንሱም አንድ ቀን በአንድ ሊቅ አእምሮ ውስጥ ተጠናቆ የወጣ ነገር ይመስላል።

በእጅ የሚያዘው ቴሌስኮፕ ይህን ጉድለት ለማረም ከሚያመቹ መሣሪያዎች አንዱ ነው። ሥራው ከሁለት ሌንሶችና ከአንድ ቱቦ የሚያልፍ አይደለም። ታሪኩ ከ400 ዓመት በላይ ቢሆንም በግልጽ የታወቀ ነው። በኢትዮጵያም ውስጥ የራሱን አሻራ ትቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ታሪክ በአጭሩ አቅርቦ፣ በዲላና በጌዴኦ ዞን ባሉ ትምህርት ቤቶች እንዴት የትምህርት መርጃ ሊሆን እንደሚችል ማመልከት ነው።

ስያሜው

«መነጽር» የሚለው ቃል የመጣው «ነጸረ»፣ ማለትም «ተመለከተ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ የሚሸከመው ብዙ ነው። የዓይን መነጽር፣ አጉሊ መነጽር፣ የጦር ሜዳ መነጽር ሁሉም በዚህ አንድ ስም ይጠራሉ። በተለይ ሁለት ዓይን ያለው የሩቅ ማያ «የጦር ሜዳ መነጽር» መባሉ መሣሪያው በሕዝቡ ዘንድ በምን በኩል እንደ ታወቀ ያስረዳል። የታወቀው ከተመራማሪው ይልቅ በጦር አዛዡ እጅ ነው። «ቴሌስኮፕ» የሚለው ቃል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1611 ሮማ ላይ ለጋሊሊዮ ክብር በተደረገ ግብዣ አካባቢ የወጣ ሲሆን፣ ከሁለት የግሪክ ቃላት ተጣምሮ «ሩቅ ተመልካች» ማለት ነው። ቋንቋ ለቋንቋ ሲነጻጸር አማርኛው ማየትን፣ ግሪክኛው ርቀትን ያጎላል። ይህን ልዩነት የቋንቋ መምህሩም ሊጠቀምበት ይችላል።

የመሣሪያው አመጣጥና ዕድገት

ብርሃን በመስታወትና በውኃ ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚጠመዘዝ ከአውሮፓውያን አስቀድሞ በዐረቡ ዓለም ተጠንቷል። በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በካይሮ የሠራው ኢብን አል ሐይሠም ስለ ብርሃንና ስለ እይታ የጻፈው መጽሐፍ በላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ውስጥ ለብዙ ዘመን አገልግሏል። የዓይን መነጽርም በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኢጣሊያ መሠራት ጀመረ። ይሁን እንጂ ሌንስ በየገበያው መሸጥ ከጀመረ በኋላ እንኳ ሁለት ሌንሶችን በአንድ መስመር ደርድሮ ሩቅን ማቅረብ እስኪቻል ድረስ 300 ዓመት ያህል አልፏል። ከምክንያቶቹ አንዱ የመስታወቱ ጥራትና የመጥረቡ ሥራ ለዚህ የማይበቃ መሆኑ ነበር። ለማንበቢያ የሚበቃ መስታወት ለሩቅ ማያ አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1608 በኔዘርላንድ፣ በሚድልቡርግ ከተማ የሚኖር ሐንስ ሊፐርሄይ የተባለ የመነጽር ሠሪ ሩቅን የሚያቀርብ መሣሪያ መሥራቱን ገልጾ ለአገሩ ምክር ቤት የብቸኛ መብት ጥያቄ አቀረበ። ምክር ቤቱ መሣሪያውን ወደደው፤ ለሁለት ዓይን የሚሆኑም እንዲሠራ አዘዘው። መብቱን ግን ከለከለው። በዚያው ወር የአልክማሩ ያኮብ ሜቲየስም ተመሳሳይ ጥያቄ አቅርቦ ስለ ነበር ዕውቀቱ የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑ ታይቶ ነበርና ነው። እንግዲህ «ቴሌስኮፕን የፈለሰፈው ማን ነው?» ለሚለው የፈተና ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ከአንድ ስም ይረዝማል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1609፣ ወሬው ኢጣሊያ ደረሰ። በፓዱዋ ያስተምር የነበረው ጋሊሊዮ ጋሊሌይ ሌንሶቹን ራሱ እየጠረበ መሣሪያውን አሻሻለ። በነሐሴ ወር ለቬኒስ መንግሥት ያቀረበው 8 ጊዜ ያህል የሚያቀርብ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላም 20 ጊዜ ያህል የሚያቀርብ ሠራ። በቬኒስ የተወደደለት በባሕር ላይ የሚመጣን መርከብ በዓይን ከመታየቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ለማወቅ ስለሚረዳ ነው። ጋሊሊዮ ግን መሣሪያውን ወደ ሰማይ አዞረው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ጀምሮ ባሉት ሌሊቶች በጁፒተር አጠገብ ያሉ አራት ጨረቃዎችን ተከታተለ። ቦታቸው በየሌሊቱ ሲለወጥ እያየ በየዕለቱ ሥዕላቸውን አስቀመጠ። ትልቁ ቁም ነገር ይህ የየዕለት መዝገብ ነው። አንድ ሌሊት ብቻ ያየ ሰው ኮከብ አየሁ ከማለት አያልፍም ነበር።

የጋሊሊዮ ቴሌስኮፕ በዓይን በኩል ያለው ሌንስ መሐሉ የተሰረጎደ ስለ ነበር ምስሉ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚታየው ስፍራ በጣም ጠባብ ነው። ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1611 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱም ሌንሶች መሐላቸው ያበጠ ቢሆን የሚታየው ስፍራ እንደሚሰፋ አስረዳ። ጉድለቱ ምስሉ የተገለበጠ መሆኑ ነው። ለኮከብ ቆጣሪ ይህ ችግር አይደለም፤ ለመርከበኛና ለወታደር ግን አይመችም። አንቶን ማሪያ ሽርሌ ደ ራይታ የተባለው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1645 ተጨማሪ ሌንሶች አስገብቶ ምስሉን ቀጥ የሚያደርግበትን ዘዴ አሳወቀ። በእጅ የሚያዘው የምድር ቴሌስኮፕ ከዚህ ተነሣ። የመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች ከወረቀት ተጠቅልለው በቆዳ የተለበጡ ነበሩ። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ የነሐስ ቱቦ እየተለመደ ሄደ። ዛሬ «የጥንት ቴሌስኮፕ» ሲባል በሰው ሐሳብ የሚመጣው ይህ ተከታይ ቅርጽ ነው።

በዚህ መካከል አንድ ከባድ ችግር ቀርቶ ነበር። ነጭ ብርሃን በአንድ ሌንስ ሲያልፍ ቀለማቱ በአንድ ነጥብ አይገናኙም። በመሆኑም የሚታየው ነገር ዳር ዳሩ በቀይና በሰማያዊ ይከበባል። ቼስተር ሙር ሆል የተባለ እንግሊዛዊ የሕግ ሰው በ1730ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለት ዓይነት መስታወቶችን በማጣመር ችግሩን አቃለለ። ምሥጢሩ እንዳይወጣ ሁለቱን ሌንሶች ለሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች አዘዘ። ሁለቱም ባለሙያዎች ሥራውን ለአንድ ሦስተኛ ሰው አስተላለፉትና ምሥጢሩ በዚያ በኩል ሾለከ። ጆን ዶሎንድ ዘዴውን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1758 የፈጠራ መብት አወጣ። ከእርሱ ሞት በኋላ ልጁ መብቱን በፍርድ ቤት ሲያስከብር፣ ሆል አስቀድሞ ሠርቶት ነበር የሚለው መከራከሪያ አልረዳም፤ ፍርዱ የደገፈው ዕውቀቱን ለሕዝብ ጥቅም ያወጣውን ወገን ነው። ተሠርቶ የተደበቀ ዕውቀት በታሪክ ውስጥ ስንት ዋጋ እንዳለው ለተማሪ ለማሳየት ከዚህ የሚሻል ምሳሌ ብዙ አይገኝም።

የእጅ ቴሌስኮፕ ከባሕርና ከጦር ሜዳ ውጭም አገልግሏል። በፈረንሳይ ክሎድ ሻፕ ያቋቋመውና እ.ኤ.አ. በ1794 ከፓሪስ እስከ ሊል ሥራ የጀመረው የምልክት መልእክት የቆመው በየማማው ላይ በተቀመጠ ቴሌስኮፕ ነው። አንዱ ማማ የሌላውን የእንጨት ክንዶች አቀማመጥ እያነበበ ወደሚቀጥለው ያስተላልፍ ነበር። በመጨረሻም ኢጣሊያዊው ኢግናዚዮ ፖሮ እ.ኤ.አ. በ1854 ምስልን በፕሪዝም የሚያቃናበትን ዘዴ አስመዘገበ። የዬና ከተማው የካርል ሳይስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1894 ባለ ፕሪዝም የጦር ሜዳ መነጽር ማምረት ሲጀምር ረጅሙ የነሐስ ቱቦ ቀስ በቀስ ከሥራ ወጥቶ ወደ ጌጥነትና ወደ ቅርስነት ተሻገረ።

በኢትዮጵያ የታየው አገልግሎት

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ሲደርስ ቴሌስኮፖችና ከፈረንሳይ ንጉሥ ከሉዊ 15ኛ የተሰጠውን ትልቅ የማዕዘን መለኪያ ይዞ ነበር። መለኪያው እጅግ ከባድ ስለ ነበር በታራንታ አቀበት ላይ በሰው ትከሻ ወጥቷል። ብሩስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ በደረሰ ጊዜ የቦታውን ኬንትሮስ ለማወቅ የተጠቀመው የጁፒተርን ጨረቃ ነው። የዘዴው አሠራር እንዲህ ነው፤ የጁፒተር ጨረቃ በጥላው ውስጥ የምትገባበት ቅጽበት ከየትኛውም የምድር ክፍል በአንድ ጊዜ ይታያል። ስለሆነም ያ ቅጽበት በአካባቢው ሰዓት ስንት እንደ ሆነ የለካ ሰው፣ በአውሮፓ ከተሰላው ሰዓት ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን ወደ ዲግሪ ይለውጣል። አንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ነው። ጋሊሊዮ በፓዱዋ ያየው ነገር 160 ዓመት ካለፈ በኋላ የዓባይን ምንጭ በካርታ ላይ ለማስቀመጥ አገለገለ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለቱ ወንድማማቾች፣ አንቷንና አርኖ ዳባዲ፣ እ.ኤ.አ. ከ1838 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል በአገሪቱ ቆዩ። አንቷን ዳባዲ እስከ ከፋ ድረስ እየተጓዘ በትንሽ ቴሌስኮፕ ላይ በተመሠረተው ቴዎዶላይት ከተራራ ወደ ተራራ ማዕዘን ለካ። የሁለት ቦታ ርቀትና ሁለት ማዕዘን ከታወቁ ሦስተኛው ቦታ ሳይረገጥ ይታወቃል። ይህ የሦስት ማዕዘን ቅየሳ ውጤት በፈረንሳይኛ ታትሞ እ.ኤ.አ. በ1873 ተጠናቀቀ። ይኸው ሰው የግእዝ ብራናዎችን የሰበሰበና እ.ኤ.አ. በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመ ነው። ልኬታና ቋንቋ በአንድ ሰው ሥራ መገናኘታቸው አጋጣሚ ብቻ አይመስልም። የተራራውን ማዕዘን የሚለካ ሰው የተራራውን ስም ከባላገሩ በትክክል መስማት አለበትና።

ይህ ካልሆነ የሚደርሰውን ጉዳት የዐድዋ ታሪክ ያሳያል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጄኔራል አልበርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ የኢጣሊያ ብርጌዶች በብዙ ርቆ ብቻውን ወደ ፊት ከወጣባቸው ምክንያቶች አንዱ የተሰጠው ንድፍ ካርታ ነው። በንድፉ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ የተጻፈበት ኮረብታና የአገሩ ሰው በዚህ ስም የሚጠራው ኮረብታ የተለያዩ ነበሩ። ጄኔራሉ ስሙን ተከትሎ ሄደ፤ ከዋናው የኢትዮጵያ ጦር ጋርም ተጋጠመ። ኢጣሊያውያኑ ጥሩ መነጽር አላጡም፤ ያጡት የቦታውን ስም በትክክል ነው።

ሌላው ምሳሌ ከዚህ 28 ዓመት ይቀድማል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከመቅደላ አጠገብ ባለው ከፍታ ሆነው የእንግሊዝ ጦር ሲወጣ ይመለከቱ ነበር። ከእግረኛው ቀድሞ በበቅሎ የተጫነ ጓዝ ታየ፤ ጠባቂም የሌለው መሰለ። በፊታውራሪ ገብርዬ የሚመራው ጦር ቁልቁል ወርዶ እንዲማርከው ታዘዘ። በቅሎዎቹ ላይ የነበረው ግን የሮኬትና የተራራ መድፍ ጭነት ነበር፤ እግረኛውም ፈጥኖ ደረሰ። ፊታውራሪ ገብርዬና ብዙ የኢትዮጵያ ጀግኖች በአሮጌ ሜዳ ወደቁ። በሁለቱም ታሪኮች የሚታየው አንድ ነገር ነው። ሩቁን ማየት አንድ ሥራ ነው፤ የታየውን በትክክል መረዳት ሌላ ሥራ ነው። መሣሪያ የሚያግዘው በመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው የትምህርት ፈንታ ነው።

ያለ መሣሪያ የተገኘ ዕውቀት

ቴሌስኮፕ ከመድረሱ በፊት በኢትዮጵያ የሰማይ ዕውቀት አልነበረም ብሎ ማስተማር ስሕተት ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የፀሐይንና የጨረቃን ዓመት አስማምተው የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን ሲያሰሉ ኖረዋል። ከጌዴኦ በስተ ደቡብ የሚኖሩት የቦረና ኦሮሞ አያንቱዎች ደግሞ ጨረቃ ከተወሰኑ ኮከቦች ጋር የምትታይበትን ጊዜ በባዶ ዓይን እየተከታተሉ 12 የጨረቃ ወራት ያሉትን ዘመን ይቆጥራሉ፤ ለቀናቱም 27 ስሞች አሏቸው። ይህ ሁሉ በትዕግሥትና በማስታወስ የተገኘ ነው። ጋሊሊዮን ታላቅ ያደረገውም ይኸው ጠባይ፣ ማለትም ሌሊት በሌሊት መከታተል፣ ከመሣሪያው ጋር ሲጣመር ነው። ስለዚህ መምህሩ ቴሌስኮፕን ሲያስተምር የአያንቱውን ዕውቀት መነሻ ቢያደርግ ተማሪው ሳይንስን ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አድርጎ አያየውም።

የዲላና የጌዴኦ አካባቢ ምቹነት

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ትገኛለች። ይህ አቀማመጥ ለሰማይ ትምህርት ሁለት ጥቅም አለው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚኖረው ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሆነ፣ በዲላ ኮከቡ ከአድማስ በላይ 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ተራራና ዛፍ በቀላሉ ይሸፍነዋል። በአንጻሩ የደቡብ መስቀል የተባሉት ኮከቦች በጥር ወር ከንጋት በፊት በደቡብ በኩል 24 ዲግሪ ያህል ከፍ ብለው ይታያሉ። ለአውሮፓ ሰማይ ብቻ የሚዘጋጁ የኮከብ ካርታዎች እነዚህን አያሳዩም። የዲላ ተማሪ ግን ሁለቱንም የሰማይ ክፍሎች ከአንድ ግቢ ሊያይ ይችላል።

የምድሩም አቀማመጥ ያግዛል። የጌዴኦ ዞን የሚገኘው በስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊ ዳር ባለው አቀበት ላይ ነው። ከቡሌ ደጋ እስከ ዲላ ዙሪያ ድረስ ያለው ከፍታና ዝቅታ ተማሪዎች ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ማዕዘን እየለኩ የዳባዲን ዘዴ በትንሹ እንዲሞክሩ ያስችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ ከእንሰቱና ከቡናው በላይ የቆሙት የጥላ ዛፎች፣ እንዲሁም እንደ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ ያሉት የትክል ድንጋይ ስፍራዎች በሩቅ ማያ ሊጠኑ የሚገባቸው ናቸው። በዛፍ ጫፍ ያለን ወፍ ሳያስደነግጡ መመልከት፣ የድንጋዩን ቅርጽ ሳይነኩና ሳይረግጡ መሳል ቅርሱንም ከጉዳት ይጠብቃል።

ለመምህሩ የሚጠቅሙ የተግባር ነጥቦች

1. የራስን መሥራት። ለማንበቢያ የሚሸጠው ባለ +2 መነጽር ሌንስ የትኩረት ርቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። በዓይን በኩል የትኩረት ርቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ አጉሊ ሌንስ ቢደረግ፣ 50 ለ5 ሲካፈል 10 ስለሚሆን መሣሪያው 10 ጊዜ ያቀርባል። ሁለቱ ሌንሶች የሚራራቁት በ55 ሳንቲ ሜትር ነው። ቱቦው ከካርቶን ሁለት ሆኖ አንዱ በሌላው ውስጥ እንዲንሸራተት ይደረጋል። ምስሉ ይገለበጣል፤ ተማሪው ለምን እንደ ተገለበጠ በሥዕል እንዲያስረዳ ይጠየቅ።

2. ጉድለቱን ማየት። በነገሮች ዳር የሚታየው ቀለም ዶሎንድን ያስቸገረው ያው ችግር ነው። የፊቱን ሌንስ ዳር በካርቶን ከልሎ መሐሉን ብቻ መተው ምስሉን ያጠራዋል፤ ብርሃኑን ግን ይቀንሳል። ጋሊሊዮም ያደረገው ይህንኑ ነው። ተማሪው አንድ ነገር ሲሻሻል ሌላ ነገር እንደሚቀነስ በዓይኑ ይረዳል።

3. የጥንቱን ከአስመሳዩ መለየት። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጡ የነሐስ ቴሌስኮፖች ብዙዎቹ የቆየ ዓመትና የታወቀ ሠሪ ስም የተቀረጸባቸው አዳዲስ ሥራዎች ናቸው። የፊቱን ሌንስ ወደ መብራት ይዞ በውስጡ የሚታዩትን የብርሃን ነጸብራቆች መቁጠር ይረዳል፤ ነጠላ ሌንስ ሁለት ያሳያል፤ ከሁለት መስታወት የተጣመረው ሦስት ወይም አራት ያሳያል። የተቀረጸ ዓመት ብቻውን ማስረጃ አለመሆኑን ለታሪክ ተማሪ ለማስገንዘብ ይህ ጥሩ ልምምድ ነው።

4. መዝገብ መያዝ። ጨረቃን ከጠፍ እስከ ሙሉ፣ ጁፒተርንም ቢያንስ ለሰባት ሌሊት እያዩ በአንድ ደብተር መሳል። መሣሪያው በእንጨት ላይ ካልተደገፈ የእጅ መንቀጥቀጥ ምስሉን ያጠፋዋል።

5. ጥንቃቄ። በማንኛውም ሌንስ ወደ ፀሐይ መመልከት ዓይንን ለዘለቄታው ያሳውራል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ አካባቢ እንደ ቀለበት የታየውን ዓይነት የፀሐይ ግርዶሽ ሲኖር ተማሪዎች መሣሪያቸውን ይዘው እንዳይወጡ መምህሩ አስቀድሞ መከልከል አለበት።

ማጠቃለያ

እ.ኤ.አ. በ2015 በእንጦጦ ተራራ ላይ የተመረቀው የኅዋ መመልከቻ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው መስተዋቶች የተገጠሙላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ለአገር ምርምር እጅግ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን በቡሌ ወይም በኮቸሬ ያለ ተማሪ ወደ እንጦጦ አይደርስም። እንጦጦ ለመሥራት የሚበቁ ወጣቶችም የሚወጡት ከነዚህ ትምህርት ቤቶች ነው። ዕቅድ አውጪዎች ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የተሠራ ቴሌስኮፕ መግዛት የማይቻል ሆኖ ቢያገኙት፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሁለት ሌንስ ማዳረስ ግን ከአቅም በላይ አይሆንም።

ከሌንሱ በፊት ግን መምህሩ መዘጋጀት አለበት። በዲላ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተው የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ለዛሬው ዲላ ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆኗል። የመምህራን ማሠልጠን ሥራ በአካባቢው ሥር የሰደደ እንደ መሆኑ፣ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከመመረቁ በፊት አንድ ቴሌስኮፕ በእጁ ሠርቶ፣ አንድ ወር ያህል የምልከታ መዝገብ ይዞ ቢወጣ የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ነው። ሚድልቡርግ ላይ መሣሪያውን የሠራው የመነጽር ሠሪ፣ የሰማይንም መዝገብ የያዘው መምህር ነበረ። ሁለቱም ሙያዎች በዲላ አሉ።